ለብረት ሙሾ ያወረደች ሴት

ደብረ ብርሃን፣ እኛ ሰፈር፣ የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ሞተ?» ነው። ቀጥሎ «ወለተሐና ሰምታለች?» ይባላል። ወለተሐና ሙሾ አውራጅ ናት። ቀጭን፣ አጭር፣ መንገድ ላይ ብታልፍ ልብ የማትባል ሴት ናት። ድንኳን ገብታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትጀምር ግን በጉንፋን ሰበብ ፊቱን የሚጠርገው ወንድ ይበዛል። እኔ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ብዙ አልቃሽ ሰምቻለሁ። እንደ እሷ ያለ አልሰማሁም።

የተወለደችው ሰላ ድንጋይ አጠገብ ነው። ሙያውን የተማረችው ከአክስቷ ነው። አክስቷ «ግጥሙ ያለው ሟቹ ዘንድ ነው፤ አንቺ ዘንድ ምንም የለም። ሄደሽ ጠይቂ» ትላት ነበር። ስለዚህ ወለተሐና ለቅሶ ቤት ስትደርስ በቀጥታ ድንኳን አትገባም። በጓሮ በኩል ዞራ የሟቹን ቤተሰብ ታገኛለች። እጁ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ምን ያስቀው እንደነበር፣ ሲናደድ ምን ይል እንደነበር ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ የሞተው ሰው ልብስ ሰፊ ነበር። መርፌውን በከንፈሩ ይዞ የመናገር ልማድ እንደነበረው ሚስቱ ነገረቻት። ወለተሐና ያችን አንዲት ነገር ይዛ ገባች። ሰውየው በሕይወት ሳለ ሰላም የማንለው ሁሉ አለቀስንለት።

ባሏ ዋሴ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ከሥራ ሲወጣ ከቤታቸው ጀርባ ፊልም ቤት ከፈተ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው የባሕር ዛፍ አግዳሚ ነው። መስኮቶቹ ላይ ብርሃን እንዳያስገቡ ግራጫ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ፊልሙ የውጭ ነው፤ ዋሴ ማይክ ይዞ እዚያው በአማርኛ ይመልሰዋል። እንግሊዝኛው ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ የጎደለውን ከራሱ ይሞላበታል። የሚመጣው ሰው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከሌላ አገር ተዛውሮ ቤት የተከራየ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ መጠለያ የሚኖር ገበሬ ነው። ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ነገር ይስማማል፦ የግዙፍ ሮቦት ፊልም ከሁሉም ይበልጣል። ፎቅ የሚያክል ብረት ተራራ ከሚያክል አውሬ ጋር ሲታገል ማየት የፈለገ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ዋሴ ቤት ይመጣል።

ከአምስት ዓመት በፊት የዋሴ ጉሮሮ ታመመ። አዲስ አበባ ወስደው ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ነፍሱ ተረፈች፣ ድምፁ ግን ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። ፊልም ቤቱን እንደገና የከፈቱ ቀን ቤቱ ሞልቶ ሳለ ፊልሙ የሚመልስለት ሰው አጣ። ብረቱ ይጮኻል፣ ነጮቹ ይጮኻሉ፣ ማንም ምን እንደተባለ አያውቅም። ሰው አንድ ሁለት እያለ መውጣት ጀመረ። ዋሴ ከፊልም ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ያያቸዋል። በር ላይ ቆማ ሰው ታስገባ የነበረችው ወለተሐና ይህን ስታይ ገባች፣ ማይኩን አነሣች። ግድግዳው ላይ ያን ጊዜ ብረቱ ከመሬት ውስጥ እየወጣ ነበር።

«እግዚኦ!» አለች በማይኩ።

ሳቅ ሆነ። ሊወጡ የነበሩት ዞር አሉ።

«እትዬ፣ ሰውዬው ምን አለ?» አለ አንዱ።

«ምን ይላል፣ ፈርቷል! አንተ ብትሆን ምን ትላለህ?»

«አውሬውስ?»

«አውሬ ይናገራል እንዴ? ቤት እየረገጠ ነው፣ አታይም? ተነሥ እንጂ፣ አንት ብረት! የሰው ጎጆ እየፈረሰ ምን ትገተራለህ!»

ብረቱም በዚያው ቅጽበት ተነሣ። የዚያን ቀን የነበሩ ሰዎች ሰምቶ የተነሣ ነው የመሰለን ይላሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንዲህ ሆነ። ባልና ሚስት ፊልሙን ዓርብ ዕለት አብረው ያዩታል፤ ዋሴ የገባውን በሹክሹክታ ይነግራታል። ቅዳሜ እሷ በራሷ ቃል ታወጣዋለች። ለብረቶቹ እንደ ጥንት ጀግና ስም አወጣችላቸው፤ አንዱን አባ ነጎድጓድ፣ ሌላውን አባ ቃጠሎ አለቻቸው። ከመዋጋታቸው በፊት ታስፎክራቸዋለች። ሲቆስሉ «አይዞህ» ትላቸዋለች። ከለሚ ድረስ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚመጣ ሰው ነበር።

አሁን ስለ አንድ የሰፈራችን ሰው፣ ስለ ወልደኪዳን ልንገራችሁ። ወልደኪዳን የመንገድ ሥራ ኦፕሬተር ነበር፤ ዶዘር ይነዳል። ክረምት ገብቶ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ ላይ ናዳ ሲወርድ የሚጠራው እሱ ነበር። አምና ነሐሴ ላይ እንደተለመደው ተጠራ። በሁለቱም በኩል መኪና ተሰልፏል፣ አውቶቡሶች ሕዝብ ጭነው ቆመዋል፣ ዝናቡ አላቋረጠም። ወልደኪዳን አንድ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ከፈተና ዶዘሩን ከገደሉ በኩል አቁሞ አውቶቡሶቹን ማሳለፍ ጀመረ። የመጨረሻው ሲያልፍ ተራራው እንደገና ወረደ። አውቶቡሱ አለፈ። እሱ ከነዶዘሩ ቀረ።

ቀብሩ ላይ ዝናብ ነበር፤ መንገዱም እንደተዘጋ ስለነበር የሥራ ባልደረቦቹ መምጣት አልቻሉም። ወለተሐና እንደ ልማዷ በጓሮ ዞራ ልጁን ቃለ አብን ጠየቀችው። ቃለ አብ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ያን ቀን ግን ኀዘኑ አፉን ያዘውና የሆነውን ብቻ ነገራት። እሷም ገብታ እንዲህ አለች፦

ተራራው ሲናድም ቆሞ የጠበቀ፣
መንገዱን ከፍቶልን እሱ ተደበቀ።

ለወልደኪዳን የቀረለት ሐውልት ይህ ነበር።

በጥር ወር ዋሴ አዲስ ፊልም አመጣ። ወደ መጨረሻው ገደማ ብረቱ ሕዝብ ለማዳን ቆሞ አውሬው ይጥለዋል። ወለተሐና እዚያ ስትደርስ ቃል አጠራትና አፏ የሚያውቀውን አወጣ፦ የወልደኪዳንን ሙሾ። ቤቱ አለቀሰ። ሰዉም ግጥሙን ያዘው። የፋብሪካው ምሳ ቤት ውስጥ ወጣት ሠራተኞቹ ሳህን በሹካ እየመቱ ይሉት ጀመር። ቃለ አብ ትሪውን ይዞ ቆሞ ሰማ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጁን አወጣ። ዘንድሮ የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝ።

«ጋሽ መልካሙ፣ አቤቱታ አለኝ» አለ። «እትዬ ወለተሐና ለአባቴ ያለቀሰችውን ሙሾ ለአሻንጉሊት ሰጥታዋለች። አባቴን በሹካ እየመቱ ይበሉበታል።»

ወለተሐና ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

ሠረቀብርሃን ተነሣ። ሠረቀብርሃን የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ደንብ ይወዳል፣ ከሰው ይልቅ ደንብ ይወዳል ብል አይቀየመኝም። «ነገሩ ግልጽ ነው» አለ። «ለብረት ያለቀሰ አፍ ለሰው አያለቅስም። ወይ ማይኩን ትተው፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ በእድራችን ለቅሶ ላይ እንዳትቆም ይወሰን።»

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ብሆን እውነት ያለው መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ማይኩን ከተወች ፊልም ቤቱ ይዘጋል፤ ዋሴም በሹክሹክታው የሚያወራለት ሥራ ያጣል። ለቅሶውን ከተወች ደግሞ ከአክስቷ የተቀበለችው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሆነችው ነገር ከእሷ ይወሰዳል።

«አጥፍቻለሁ» አለች ወለተሐና ተነሥታ። «ፍርዱን እቀበላለሁ። ግን ጋሼ፣ ያላያችሁትን አትፍረዱ። ቅዳሜ ኑና እዩ። የወልደኪዳንን ሙሾ አልደግመውም፤ ይኸው በፊታችሁ ቃል ገባሁ። አይታችሁ የፈለጋችሁትን በሉ።»

ስብሰባው ሦስት ሰው መረጠ፦ እኔን፣ ሠረቀብርሃንን፣ ከሴቶቹ ደግሞ እማማ ታንጉን። እማማ ታንጉ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ደከም ቢልም አፋቸው አልደከመም። ቃለ አብም እንዲመጣ ተነገረው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን፤ የሚታየው በጥር የመጣው ያው ፊልም ነበር። ፊት ለፊት ያለውን አግዳሚ ለቀቁልን። ቃለ አብ በስተመጨረሻው ጫፍ ላይ ክንዶቹን አጣምሮ ተቀመጠ። ዋሴ በጭንቅላቱ ሰላም አለንና ብርድ ልብሶቹን አወረደ።

ቴሌቪዥን ቤቴ አለ፤ ፊልም ምን እንደሆነ አላጣሁትም። ነገር ግን ግድግዳ ሙሉ አይቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ባሕር ብቻ ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ውኃ። ከዚያ ውኃው አበጠ። ያበጠው ውኃ እየፈሰሰ ሲያልቅ ከሥሩ ጀርባ ታየ፤ እንደ መገዘዝ ተራራ ጫፍ ያለ ጀርባ፣ ደመና የሚያርፍበት። ጀርባው ተንቀሳቀሰ። ዓይን ተከፈተ። ዓይኑ ብቻ የእኛን ሰፈር ያክላል። ከተማው ውስጥ ሰው እንደ ተነካ የጉንዳን ጎጆ ተበተነ።

«ወጣ!» አለች ወለተሐና። ድምፅዋ ከጣሪያው የመጣ መሰለኝ። «ከጥልቁ ወጣ! ልጅ ያላችሁ ልጃችሁን ያዙ!»

እማማ ታንጉ እጄን ያዙ።

ከዚያ መሬቱ ተከፈለና ብረቱ ወጣ። እንዴት አድርጌ ልጻፈው? መጀመሪያ ራሱ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ ሌላ ትከሻ ያለ ይመስል ደረቱ፤ መውጣቱ አያልቅም። ቀና ብሎ ሲቆም ወፎች በወገቡ ዙሪያ ይበሩ ነበር። ወደ ባሕሩ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ውኃው ከጉልበቱ ላይ ክረምት ገደል ላይ እንደሚወርደው ፏፏቴ ወረደ። የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤ የድምፅ ማጉያው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እግሮቼን ከመሬት አነሣኋቸው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ ብቻዬን፣ ከልጆቼ መጽሐፍ ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያዋን ቃል ማንም ሳይነግረኝ ያነበብኩ ቀን እንዲህ ሆኜ ነበር፤ የሌለ ሰው ከወረቀቱ ውስጥ ሲያናግረኝ። ይህንም ያሰበው ሰው ነው፣ የሠራው ሰው ነው አልኩ በልቤ። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሊያስብ ይችላል።

«ይሄ ነገር የሚተኛው የት ነው?» አለ ሠረቀብርሃን በጆሮዬ።

«ዝም በል።»

«ስለ እናቱም ጠይቅልኝ» አሉ እማማ ታንጉ፤ «እሷንስ ማን አዋለዳት?»

ወለተሐና መጀመሪያ ተጠንቅቃ ነበር፤ ፍርድ ላይ እንዳለ ሰው በቀስታ ትናገር ነበር። ብረቱ እጁን ሲያነሣ ግን ራሷን ረሳች። «ይኸውላችሁ! መጣ አባ ነጎድጓድ!» ስትል ቤቱ በእልልታና በፉጨት ተናወጠ።

«ስህተት!» አለ ሠረቀብርሃን ጮክ ብሎ።

«ዝም በሉ አባባ!» አሉት ከኋላ።

«ዝም አልልም! ደንብ ነው! ፈረሱ ነጎድጓድ ከተባለ አባ ነጎድጓድ የሚባለው ፈረሰኛው ነው። ፈረስን አባ ያለው ማን ነው?»

«ጋሽ ሠረቀብርሃን» አለች ወለተሐና በማይኩ፤ «ቆይ ይዋጋበት፣ ኋላ እንከራከራለን።»

ሳቅ ሆነ። እኔ ግን ጓደኛዬ የተናገረውን ይዤ ግድግዳውን ደግሜ አየሁ። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። በብረቱ ራስ ውስጥ ሰው አለ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ወንበር ላይ የታሰረ፣ በሁለት እጆቹ ማንሻዎች የያዘ ሰው። ብረቱ እጁን የሚያነሣው እሱ ማንሻውን ሲስብ ነው። አውሬው ሲመታው የሚደማው እሱ ነው። ቤቱ ብረቱን ያያል እንጂ እሱን ብዙም አያየውም፤ ወለተሐናም ስታልፍበት «እዚያ ውስጥ ያለው ሰው» ብቻ ትለው ነበር።

አውሬው የብረቱን ቀኝ ክንድ ነከሰው። ጥቁር ዘይት ባሕሩ ላይ ተረጨ።

«እጁን ቆረጠው!» አለች ወለተሐና።

«አልቆረጠውም» አለ ቃለ አብ። ለራሱ ነበር የተናገረው፣ ግን ተሰማ። «የዘይት ቧንቧው ነው የተበጠሰው። እጁ አለ፣ ግን ከእንግዲህ አይነሣም። በግራው መሥራት አለበት።»

በብረቱ ራስ ውስጥ ያለው ሰው ቀኝ ማንሻውን ለቀቀ፤ ሁለት እጁን በግራው ላይ አደረገ። አጠገባችን ያሉት ዞረው ቃለ አብን አዩት። ክንዶቹን ፈታ።

ከዚያ ድልድዩ መጣ። ከተማው በረጅም ድልድይ እየሸሸ ነው፤ መኪና፣ እግረኛ፣ ልጅ ያዘለ። አውሬው ወደ ድልድዩ ዞረ። ብረቱ እየጎተተ ሄዶ በመሐላቸው ቆመ፤ ጀርባውን ለድልድዩ ሰጠ። በሬዲዮ የሆነ ሰው ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ዋሴ ጎንበስ ብሎ በሚስቱ ጆሮ ሹክ አለ።

«ውጣ አሉት» አለች ወለተሐና።

ሰውየው መለሰ። እሱም ረጅም ነበር። ዋሴ እንደገና ሹክ አለ፤ ለረጅም ጊዜ ሹክ አለ። እሷ ዝም ብላ ከሰማች በኋላ እንዲህ አለች፦

«ሰዉ ይለፍ አለ።»

ቃለ አብ ብድግ አለ። የት እንደሚሄድ አላወቀም፤ ቆመ ብቻ። ከኋላው ያለ ማንም «ተቀመጥ» አላለውም።

ሰዉ አለፈ። የመጨረሻዋ መኪና ከድልድዩ ስትወርድ አውሬው ክብደቱን ሁሉ አመጣው። ብረቱ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ፤ ባሕሩ ገጠመበት። በላዩ ላይ አረፋ ብቻ ቀረ።

ሁሉም ወደ ወለተሐና ዞረ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ያውቁታል፤ አንዳንዱ ከንፈሩን ለግጥሙ አዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ቃል ገብታለች። ማይኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ሳታስበው የልቧ ምት በድምፅ ማጉያው ወጣ፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ሁለት መቶ ሰው የአንዲት ሴት ልብ ሲመታ ሰማን።

ዝምታውን የሰበሩት እማማ ታንጉ ናቸው።

«ወለተሐና! ውስጡ ያለው ሰው ሞተ?»

«ሞተ፣ እማማ።»

«ታዲያ ማን ይባላል? ስም የሌለው ይለቀሳል እንዴ?»

ወለተሐና ማይኩን ወደ አፏ መለሰች። «አላውቀውም» አለች። «ፈረንጅ ነው፣ ስሙን ምላሴ አልያዘልኝም፤ ተውኩት። ለብረቱ ስም አውጥቼ ለሰውየው ሳላወጣ ቀረሁ። ያን ቀን ሲወድቅ የማለቅስለት ስም አልነበረኝም፤ የሌላ ሰው ሙሾ አነሣሁና ባዶ ቦታ ላይ ጣልኩት። ቃለ አብ፣ የኔ ልጅ፣ ጥፋቴ ይህ ነው። አክስቴ ብትኖር ከቤቷ ታባርረኝ ነበር።»

ዋሴ ፊልሙን አቆመው። ባሕሩ ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ቃለ አብ አሁንም እንደቆመ ነው።

«አባ ዳምጠው በይው» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ። ዳምጠው አስፋልት የሚጨፈልቀው ከባዱ መኪና ነውና። ቃለ አብ አልሳቀም። «አባቴ ሥራ የጀመረው በዳምጠው ነው» አለ። «ዶዘር ከያዘም በኋላ ጓደኞቹ በሥራ ቦታ የሚጠሩት አባ ዳምጠው ብለው ነው። ያን ቀን ሳልነግርሽ ቀረሁ። አፌ እንቢ አለኝ።»

ሠረቀብርሃን «ይህ ልክ ነው» ሲል ሰማሁት፤ «ፈረሰኛው በፈረሱ ተጠራ።»

ወለተሐና በጓሮ የምታደርገውን በሁለት መቶ ሰው ፊት አደረገች።

«እጁ ምን ይመስል ነበር?»

«ግራ መዳፉ አይዘረጋም ነበር። ሠላሳ ዓመት ማንሻ ይዞበት፣ ሲበላም ማንሻ የያዘ ይመስላል።»

«ምን ያስቀው ነበር?»

«እኔ። መኪና መንዳት ሲያስተምረኝ።»

«ሲናደድስ?»

ቃለ አብ አሰበ። «አይናደድም። መንገድ ሲዘጋ ብቻ ምግቡን ትቶ ይነሣል። እናቴ ብላ ስትለው ‹ሰው እየጠበቀ ነው› ይላል።»

ወለተሐና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። ማይኩን አስቀመጠችው። በራሷ ድምፅ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ወደ ቆመው ባሕር ዞራ እንዲህ አለች፦

ብረቱስ ይጠገን ሠራተኛ አያጣም፣
ውስጥ የነበረው ሰው ተጠርቶ አይመጣም።

አባ ዳምጠው ተነሥ ማንሻህን ጨብጠው፣
ሰው እየጠበቀ መንገዱን ማን ይስጠው?

ብዙ ቀብር ቆሜያለሁ። እንዲህ ያለ አላየሁም። የፋብሪካ ልጆች ኮፍያቸውን አወለቁ። ከመጠለያው የመጣ አንድ ገበሬ፣ የማን ቤት የማን መንገድ ትዝ ብሎት እንደሆነ እንጃ፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። ሰዉ ሁሉ ተነሣ። ወልደኪዳንን ያላየ፣ ስሙን ያልሰማ ሰው ደረቱን መታለት። ፊት ለፊታችን ያ ሁሉ ብረት ወድቆ ነበር፤ ለብረቱ ያለቀሰ ግን አንድ ሰው አልነበረም። እንግዲህ የሰው ልጅ ምን ያህል ግዙፍ ነገር ቢሠራ መጨረሻ ላይ ዓይኑ የሚፈልገው ውስጡ የተቀመጠውን ሰው መሆኑን በዚያች ጭቃ ቤት አየሁ፤ ከአውሬውም ከብረቱም የበለጠ ያስደነቀኝ እሱ ነው።

ሰዉ ሲረጋጋ ወደ ሠረቀብርሃን ዞርኩ። ዓይኑን እየጠረገ ነበር።

«ያቀረብኩትን ሐሳብ ትቻለሁ» አለ። «ግን ‹አባ› የሚለውን ታስተካክል።»

እማማ ታንጉን አየኋቸው። «እኔ ድሮም አልከሰስኳትም» አሉ።

እኔም ቆሜ ተናገርኩ። የእድሩ መዝገብ ላይ የሰፈረውም ይኸው ነው፦ ለብረት አይለቀስም፤ ውስጡ ላለው ሰው ይለቀሳል። ስሙ ሳይጠየቅ ግን ለማንም አይለቀስም። ወለተሐና በለቅሶአችንም በማይኳም ትቆይ። ለወልደኪዳን ቀብር ላይ የተባለው ሙሾ የቤተሰቡ ነው፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት አይባልም።

ወለተሐና ራሷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለች። ከዚያ ወደ ቃለ አብ ዞረች።

«አሁን ያልኩትስ? እሱንም ልመልስልህ?»

«እሱንማ ሰምተውታል» አለ ቃለ አብ። «ከሁለት መቶ ሰው አፍ እንዴት እመልሰዋለሁ?»

«ምሳ ቤት በሹካ ቢመቱትስ?»

«ይምቱት» አለ። «ስሙ አለበት።»

ጉዳዩ አልቋል ብዬ ጋቢዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። እማማ ታንጉ ጎተቱኝ።

«ወዴት ነው? አውሬው የት ገባ? ሕዝቡ አልፏል፣ አውሬው ግን እዚያው ነው! እኔ አውሬው ምን እንደሆነ ሳላይ ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

«እውነታቸውን ነው!» አሉ ከኋላ። «ገና አላለቀም!»

ተቀመጥኩ። ሠረቀብርሃን ከኔ ቀድሞ ተቀምጦ ነበር። ቃለ አብ ከአግዳሚው ጫፍ ተነሥቶ መጣና ከእማማ ታንጉ አጠገብ ተጠግቶ ተቀመጠ። ወለተሐና ማይኩን አንሥታ ሁለት ጊዜ ነፋችበት፣ ዋሴን አየችው። ዋሴ ቁልፉን ተጫነ፤ ቀጥ ብሎ የቆየው ውኃ ከሥሩ ማበጥ ጀመረ።